ለሰንጋ የተገዛው በቆሎ

ከሰበታ ወጥቶ ወደ ተጂ የሚጓዝ ሰው የመጨረሻውን ፋብሪካ አጥር እንዳለፈ በስተግራ ዝቅ ብሎ የባሕር ዛፍ ረድፍ ያያል። ከዛፎቹ ጀርባ ያለው ባለ ሰፊ ግቢ ቆርቆሮ ቤት የደገፋ ነው። ገናና ፋሲካ ሲቃረብ አዲስ አበባ ሉካንዳ ያላቸው ሰዎች መኪናቸውን ከዛፎቹ ሥር አቁመው፣ ጫማቸውን ከጭቃው እየጠበቁ ወደ በረቱ ይዘልቁ ነበር። የደገፋ ሰንጋ ማለት ስም ነበር። ጀርባው እንደ መደብ የተዘረጋ፣ ሻኛው ከብዶት ወደ ጎን ያዘነበለ በሬ ሲያዩ ሥጋ አዋቂዎቹ፣ «ይሄ እንኳ ከደገፋ በረት ነው የወጣው» ይሉ ነበር።

አባቱ ገበሬ ነበሩ። በሬያቸው ሲያረጅ ከቀንበር ይፈቱትና ወንዙ ዳር ይለቁታል። ክረምቱን ሙሉ ሣር ሲግጥ ከርሞ መስቀል ሲደርስ ቆዳው ያብረቀርቃል፤ ያን ጊዜ ይሸጡታል። ሣር፣ ጭድ፣ ከጠላ የተረፈ አተላ፣ አንዳንዴም ጨው ነበር ቀለቡ። ከሰው አፍ ተነጥቆ ለበሬ የሚሰጥ ነገር በዚያ ቤት አይታወቅም ነበር።

ደገፋ ጎልማሳ ሲሆን ግን ወንዙ ዳር የአበባ እርሻ መጣና መስኩ ፕላስቲክ ለበሰ። በላይ በኩል ፋብሪካ፣ በታች በኩል መኖሪያ ቤት ተሠራ። ለእሱ የቀሩት አንዲት የእርሻ ቁራሽና በረቱ ብቻ ሆኑ። ጎረቤቶቹ ከብታቸውን እየሸጡ ባጃጅ ገዙ፤ ኪራይ ቤት ሠሩ። ደገፋ ያለ ከብት መኖር አልሆነለትም። ሣር ያጣ በሬ እህል ይብላ አለ። በፉርሽካ ጀመረ፤ ከዘይት መጭመቂያ የሚወጣውን ፋጉሎ ጨመረ፤ ገዢዎቹ «ስብ፣ ስብ ያለው» እያሉ ሲመጡበት ደግሞ የተፈረከሰ በቆሎና የተከካ ባቄላ አስከተለ። በሬዎቹ ወፈሩ። ስሙም አብሮ ወፈረ።

«ሰው በጾም ሲከሳ የኛ በሬዎች ይሰባሉ» ትል ነበር ሚስቱ ወርቅቱ በየሁዳዴው እየሳቀች። እውነቷን ነው። ሁዳዴ የአድላቢ ዋና የሥራ ወራት ነው። አዲስ አበባ እጇን ከሥጋ ሰብስባ ሽሮና ምስር ስትበላ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በረቶች ውስጥ ለፋሲካ የታሰበው ሰንጋ እህሉን ያነክታል።

ይህ ነገር የሆነበት ዓመት ታዲያ እንደ ሌላው ዓመት አልነበረም። በቦረና ቆላ ዝናብ ወቅት እየዘለለ ቀርቶ ከብት አልቋል። በሩቅ አገር ጦርነት ሰበብ ከውጭ የሚገባው ስንዴና ዘይት ተወዷል። ገበያ የወጣች ሴት ዘንቢሏን በግማሽ ይዛ ስትመለስ ማየት የተለመደ ሆኗል። ተጂ ላይ እህል የሚነግደው ሀሰኖ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ የደገፋ ቤት ወዳጅ ነውና፣ እንደምንም አፈላልጎ በቆሎውን በጭነት መኪና አመጣለት።

«ደገፋ፣ ዘንድሮስ ይህን በማግኘትህ ተመስገን በል» አለው ከጋቢናው እየወረደ። «ከዚህ በኋላ ብትለምነኝም የለኝም።»

«ለአምስቱ ሰንጋዎች እስከ ፋሲካ ከደረሰልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» አለ ደገፋ።

ጆንያውን ከቤቱ ጎን ባለችው ክፍል ከመሬት እስከ ጣሪያ ደረደሩት።

በዚያው ሰሞን ከዋናው መንገድ ማዶ፣ ጣሪያ ኖሮት ግድግዳው ባላለቀ መጋዘን ውስጥ ሰዎች ገቡ። ድርቁን ሸሽተው፣ ቀደም ብለው ሰበታ ዳር የሰፈሩ ዘመዶቻቸውን ተከትለው ከቦረና የመጡ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። የመጋዘኑ ባለቤት አልከለከላቸውም። ወንዶቹ በማለዳ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይወጣሉ፤ ሴቶቹ በሸራ የጋረዱትን ጥግ እየጠረጉ ልጆች ይጠብቃሉ። ደገፋ በመንገድ ሲያልፍ «አካም ጅርቱ?» ይላቸዋል። «ፈያ» ይሉታል። በዚህ ያበቃል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም፤ «ደህና ነን» ያለውን ሰው ደግሞ ሆድህን አሳየኝ የሚል የለም።

ጾሙ እኩሌታው ላይ እንደደረሰ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ደገፋ በረቱን ሲከፍት ቦራ አልተነሣም። ቦራ ከአምስቱ ትልቁ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ግራ ጎኑ ከበሮ እስኪመስል ተወጥሯል። ምላሱ ወጥቷል። እግሮቹን ዘርግቶ በአፍንጫው እያቃሰተ ነው። ደገፋ እየሮጠ ስልክ ደውሎ የከብት ሐኪሙን ወንዲን ጠራ። ወንዲ የሰበታ ልጅ ነው፤ ሞተር ብስክሌት አለውና ለመድረስ አልዘገየም። ጎኑን መታ መታ አድርጎ አዳመጠ፤ መሣሪያውን አውጥቶ ጋዙን ሊያስተነፍስለት ሞከረ። አልሆነም። ቦራ ጭንቅላቱን አንድ ጊዜ ከፍ አደረገና ወደ መሬት ጣለው።

ወንዲ እጁን እየታጠበ፣ «ኦቦ ደገፋ፣ ትናንት እህል ጨምረውለት ነበር?» አለ።

«ጨምሬለታለሁ። ፋሲካ እየደረሰ ነው ብዬ።»

«እህሉ ነው የገደለው። የበሬ ሆድ ሣር ለማብላላት የተሠራ ነው። በቆሎ ሲበዛበት ይኮመጥጣል፤ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። አሁን ለእነዚህ ለአራቱ በቆሎውን ያቁሙ። እሱም እሱም» አለ ወደ ሁለቱ እያመለከተ፣ «ሆዳቸውን አልወደድኩትም። ድርቆሽ፣ ጭድ፣ ትንሽ ፉርሽካ ይበቃቸዋል።»

ሳይታረድ የሞተ ከብት አይበላም። ጉድጓድ መቆፈር ነበረበት። ደገፋ ከመንገዱ ማዶ ካሉት ወንዶች ሥራ ያላገኙትን ጠራና አካፋና ዶማ ሰጣቸው። እነሱ ሲቆፍሩ አንዲት ረጅም አሮጊት በዱላ ተደግፈው ተከትለዋቸው መጡ። አዴ ሃዋ ይባላሉ፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው የመጡት። ማንንም ሳይጠይቁ በቦራ ራስ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና ቀንዱን በመዳፋቸው ያሻሹት ጀመር።

«ስሙ ማን ነበር?» አሉ በኦሮምኛ።

«ቦራ።» ደገፋም በኦሮምኛ መለሰ።

«በምን ሞተ?»

«እህል በዝቶበት። ሆዱ ተነፍቶ።»

አዴ ሃዋ የተሳሳተ ነገር የሰሙ መሰላቸው። ጆሯቸውን ወደ እሱ አዘነበሉ። ደገፋ ደግሞ ነገራቸው።

ቆፋሪዎቹም ቆም ብለው ይመለከቷቸው ጀመር።

«የእኔ ከብቶች በረሃብ ነው ያለቁት» አሉ አሮጊቷ። «መነሣት ሲያቅታቸው እኛ በጅራታቸውና በቀንዳቸው ይዘን እናነሣቸው ነበር። ዛሬ ያነሣናት ነገ ትወድቃለች፤ እንደገና እናነሣታለን። በኋላ የእኛም ጉልበት አለቀ፤ ላሞቹ ተኝተው እያዩን፣ እኛም ቆመን እያየናቸው አለቁ። ያንተ ደግሞ በጥጋብ ሞተ! በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር። ያ ረቢ! እኔ ይህን ያህል ኖሬ ከብት ጠግቦ ሲሞት አላየሁም።»

በወቀሳ አልነበረም የተናገሩት። ደገፋን ያስደነገጠውም ይኸው ነበር። ቢወቅሱት መልስ አያጣም ነበር። እሳቸው ግን ፀሐይ በምዕራብ ስትወጣ ያየ ሰው እንደሚናገር፣ ዓይናቸውን ከፍተው፣ በታላቅ መደነቅ ነው የተናገሩት።

ከዚያ ተነሥተው ወደ ግርግሙ ሄዱ። ቦራ ያልጨረሰው በቆሎ አሁንም ነበር። አንድ እፍኝ ዘግነው አሸተቱት፤ አንዲቱን ፍሬ ወደ አፋቸው ከተው ቆረጠሟት።

«ይሄ ለከብት ነው?»

«አዎን። ለማድለብ።»

«ልጄ፣ እኛ ላምን ለምን እንደምንወዳት ታውቃለህ? እኛ መብላት የማንችለውን በልታ እኛ የምንጠጣውን ስለምትሰጠን ነው። እሾህ ከበዛበት መሬት፣ ድንጋይ መሐል ከበቀለ ሣር ወተት ታወጣለች። አንተ ራስህ የምትበላውን ካበላሃት፣ እሷ ምን ጨመረችልህ?»

ደገፋ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሥጋ፣ ስብ፣ ገበያ ሊል ነበር። አሮጊቷ ግን ቀደሙት።

«ሰንጋው ከሞተ ይህ የተረፈው ለልጆቹ ይሁን?» አሉ አዴ ሃዋ፣ ነጠላቸውን ከግርግሙ ሥር እየዘረጉ።

«አይሆንም! ከግርግም አይሆንም!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ወርቅቱ ነበረች። አሮጊቷ እጃቸውን ሰበሰቡ። ወርቅቱ ግን ወደ እህሉ ክፍል ገብታ ጆንያ ስትፈታ ተሰማ፤ ከዚያም ቁናውን እስከ አፉ ሞልታ፣ በሁለት እጇ ታቅፋ ወጣች። «ከንጹሑ ይውሰዱ እንጂ። ሰው ነዎት፣ ከበሬ ምራቅ ምን አገናኘዎት?» አለች።

በማግስቱ ሀሰኖ የቦራን መሞት ሰምቶ ሊያጽናናው መጣ። ወሬ ወሬን አነሣና፣ «በቆሎውን ለሰንጋ ካልሰጠኸው ዲሪባ ይፈልገዋል» አለ። ዲሪባ ሱሉልታ የሚያደልብ ሰው ነው። «እኔው ወስጄ አደርስልሃለሁ። በረቱ ሙሉ ነው፤ እህል ጨርሶ ጭንቅ ላይ ነው ያለው።»

ደገፋ ወደ እህሉ ክፍል በር ተመለከተ። የሌሎቹ ሰንጋዎች ትንፋሽ ከበረቱ ይሰማል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የልጅ ለቅሶ።

«እስቲ አንድ ሳምንት ይቆይ» አለ። «ለእነዚያ ሰዎች የሳምንት ቀለብ እንስጥና የተረፈውን ትወስዳለህ።»

«ከሳምንት በኋላ የሚተርፍ ነገር ያለ ይመስልሃል?» አለች ወርቅቱ። «ያን ሁሉ ሕዝብ አላየህም?»

«ካለቀም ይለቅ» አለ ደገፋ። ሀሰኖ ጢሙን እየነካካ ትንሽ አሰበና፣ «ረመዳን ሊገባ ነው። ባዶ በቆሎ ለልጅ ጉልበት አይሆንም፤ እኔ ባቄላ እጨምራለሁ» አለ።

እንዲህ ተጀመረ። በማለዳ ደገፋ ከጆንያው እየሰፈረ ያወጣል። እሩቡ ንፍሮ ይሆናል፤ የቀረው ወፍጮ ቤት ሄዶ ለቂጣና ለልጆች ገንፎ ይሆናል። የሚያበስሉት የመጋዘኑ ሴቶች ራሳቸው ናቸው፤ ወርቅቱ ትልቁን የድግስ ብረት ድስቷን አውሳቻቸዋለች። መጀመሪያ ቀን ደገፋ ለአምስቱ ሰንጋዎች በቀን የሚያወጣውን ያህል ነበር ሰፍሮ ያወጣው። አዴ ሃዋ ድስቱን አይተው ሳቁ።

«ይህን ሁሉ ማን ሊበላው?»

ተቀቀለ፤ ተፈጨ፤ ተበላ። ልጆቹ በሉ። እናቶች በሉ። ከሥራ የመጡት ወንዶች በሉ። በነጋታው ሊሰፍር ሲመጣ ወርቅቱ ከማዶ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ተው፣ የትናንቱ አላለቀም!» አለችው። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ለአምስት ሰንጋ የአንድ ቀን ቀለብ የነበረው እህል ለመጋዘኑ ሰው ሁሉ፣ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም፣ ሦስት ቀን በቃ።

ሳምንቱ አለቀ። ደገፋ ወደ ክፍሏ ገብቶ ጆንያዎቹን አየ። ድርድሩ ካለፈው ሳምንት ትንሽ ብቻ ነበር ዝቅ ያለው። በሰንጋዎቹ ጊዜ ቢሆን በዚያ ሳምንት ግድግዳው መታየት ይጀምር ነበር። ደገፋ እጁን ጆንያው ላይ ጭኖ ቆመ። ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ስለዚያች ዱቄቷ ስላላለቀባት መበለት ሲነበብ ሰምቷል። አሁን ግን በጓሮው የሆነው ተአምር አለመሆኑን ያውቃል፤ እህሉን የሰፈረው በገዛ እጁ ነው። ማንም ሌሊት መጥቶ አልሞላለትም። እህሉ አልበዛም። የሚበላው አፍ ነው የተቀየረው። ያ ደግሞ ከተአምር ይልቅ አስፈራው። ይህን ያህል ዓመት ስንት ክፍል ሙሉ በቆሎ በዚህ በር ገብቶ በዚያ በር ሰንጋ ሆኖ ወጣ? ስንት መጋዘን ሙሉ ሰው ነበር በጆንያዎቹ ውስጥ ተቋጥሮ የነበረው?

ሀሰኖ በቆሎውን ሊወስድ አልመጣም። ሲመጣ ተምር ይዞ መጣ። ረመዳን ገብቶ ነበር።

የዚያን ምሽት ነገር ወርቅቱ እስከ ዛሬ ታነሣዋለች። ፀሐይ በወጨጫ ተራራ በኩል ስታዘቀዝቅ በመጋዘኑ ፊት ምንጣፍ ተነጠፈ። ወርቅቱም ጾሟን ይዛ የዋለች ናት፤ ማጀት ሠርታ ደክሟታል። አዛን ሲሰማ ሀሰኖ ተምሩን ለአዴ ሃዋ አቀበለ። ከዚያ የበቆሎውና የባቄላው ንፍሮ ወጣ፤ ጨውና ሚጥሚጣ ተነሰነሰበት። አዴ ሃዋ ወርቅቱን ቆማ ባዩ ጊዜ፣ «አንቺም ጾመኛ አይደለሽም? ነው ወይስ ይሄ ለናንተ ጾም አይሆንም?» አሏት።

ወርቅቱ ንፍሮውን አየች። ቅቤ የለው፣ ወተት የለው። «ይሆናል እንጂ!» አለች። «ይሄማ ለሁሉም ይሆናል።» ከምንጣፉ ጥግ ተቀመጠችና ከአንድ ትሪ በላች። ደገፋም ተቀመጠ። ደገፋ በዙሪያው የእጆችን መመላለስ እያየ፣ በዚህ ሰዓት በከተማው ሁሉ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ወደ እህል እየዘረጋ መሆኑ ታሰበው። በዚህ ወር ያለ ገደብ ሲበሉ የከረሙት የእሱና የባልደረቦቹ ሰንጋዎች ብቻ ነበሩ።

እሑድ ልጃቸው ሄመን ከኮዬ ፈጬ መጣች። እዚያ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ፣ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት በአውቶቡስ እየተመላለሰች ነው የምትኖረው። ደገፋ እጇን ይዞ ወደ እህሉ ክፍል አስገባትና ጆንያዎቹን አሳያት፤ የሆነውን ሁሉ እንደ ሕፃን እየተቻኮለ ነገራት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የኛ ቤት ነገር ብቻ አይደለም» አለች ሄመን። «የዓለም ነው። ዓለም ከሚያመርተው እህል ሲሶ ያህሉ የሚሄደው ወደ እንስሳት ሆድ ነው። በመርከብ እየተጫነ ባሕር ያቋርጣል። ለከብትና ለዶሮ መኖ የሚሆን አኩሪ አተር ሊዘሩ ደን የሚመነጥሩ አገሮች አሉ።»

«ሲሶ?» አለ ደገፋ።

«ሲሶ።»

ደገፋ ከጆንያው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሲሶ ለእሱ እንዲሁ ቁጥር አይደለም። አባቱ በጭሰኝነት ዘመን ከአውድማቸው ለባለርስቱ የሚያወጡት ሲሶ ነበር። ልጅ ሆኖ አይቷል፤ ሦስት ክምር ይከመራል፣ አንዱን ያላረሰው ሰው ይወስደዋል።

«በሬው ባለርስት ሆነ በይኛ!» አለ። «ሳያርስ ሲሶ ይበላል።»

ሄመን ሳቀች። «በሬው ምን አደረገ አባዬ? ባለርስቶቹ እኛ ነን፤ በሬውን የምንበላው። እኔም ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር በየሳምንቱ ቁርጥ ቤት ነኝ። ደግሞም እህሉ ከበሬ ስለቀረ ብቻ እግር አውጥቶ ወደተራበ ሰው አይሄድም። እዚህ የደረሰው እማዬ በቁና ተሸክማ ስላደረሰችው ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ ደገፋ። ሐሳቡ ግን ርቆ ሄዶ ነበር። ለአምስት ሰንጋ ብሎ ከሞላት ከዚህች ጠባብ ክፍል ተነሥቶ የዓለምን ጎተራ ሁሉ ሊያስብ ሞከረ። መርከቦቹን፣ ባሕሩን፣ ማለቂያ የሌለውን ማሳ፣ በዚያ ሁሉ ማሳ መጨረሻ የቆመውን ግርግም። ራሱን አዞረው። ሰማይን አተኩሮ የሚያይ ሰው እንደሚሆነው ሆነ። ሄመን ሻይ ይዛ ስትመለስ እዚያው ጆንያው ላይ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ከሉካንዳ ባለቤቶቹ አንዱ እንደ ልማዱ መጥቶ የአንዱን ሰንጋ ጀርባ ዳሰሰ።

«ኦቦ ደገፋ፣ ምነው ዘንድሮ? እጅዎ አጠረ እንዴ?»

«አላጠረም። ድርቆሽና ፉርሽካ ነው የበላው። ሰው የማይበላውን።»

«ስቡ የት አለ ታዲያ? የኔ ደንበኛ ስብ ነው የሚጠይቀኝ።»

ሁለቱን ወሰደ፤ ሁለቱን ተወ። ደገፋ ቅር አለው፤ የዓመታት ስሙ ነበርና እንዴት ቅር አይለው? አንዱን ለእርሻ አስቀረው። ሌላውን የሰፈሩ ሰዎች ለቅርጫ ገዝተው ተከፋፈሉት። መደብ መደብ ሲደረግ ለየቤቱ የደረሰው ብዙ አልነበረም። ጎረቤታቸው ተረፈች ሽንኩርቱን አብዝታ ሠራችውና ለደገፋ አቀመሰችው። «ጥርስ ይፈልጋል» አለች፤ «ግን ሥጋ ሥጋ ይላል። ልጅ ሆነን እንበላው የነበረውን መሰለኝ።» ደገፋ አጣጥሞ በላ። ሥጋ መብላቱን አልተወም፤ ተወው ብሎም ማንንም አልመከረም። ግን ያን ቀን አንዷን ጉርሻ ሲያላምጥ ከኋላዋ ያለው ነገር ብዛቱ እየታሰበው፣ እንደ ቀድሞው ሳያስብ መዋጥ አልቻለም።

በቆሎው ፋሲካን አለፈ። ግንቦትን አለፈ። ክፍሏ ውስጥ የመጨረሻው ጆንያ ሲራገፍ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። በዚያ ጊዜ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ቋሚ ሥራ አግኝተዋል፤ ለልጆቹም እርዳታ መምጣት ጀምሯል። ደገፋ ለመኖ ሲል በቆሎ ይዘራባት የነበረችውን ቁራሽ ማሳ አርሶ ባቄላ ዘራባት። ከሱሉልታ ዲሪባ መጥቶ ዘሩን ሲያይ፣ «ከአድላቢነት ወደ ሽሮ ወረድክ?» ብሎ ቀለደበት። ደገፋ አብሮት ሳቀ።

መስከረም ሲጠባ ማሳው አበበ። የባቄላ አበባ ሽታ መንገዱን ተሻግሮ መጋዘኑ ድረስ ገባ። እሸቱ ሲደርስ የመጋዘኑ ልጆች እየፈለፈሉ በሉ፤ አዴ ሃዋም ማሳው ዳር ተቀምጠው ይፈለፍሉ ነበር። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ከአገር ስልክ ተደወለላቸው። ዘንቧል። የቆላው መሬት አረንጓዴ ለብሷል።

ደገፋ በሰንጋዎቹ ሽያጭ የገዛትን አንዲት ጊደር ከበረቱ አውጥቶ፣ «ለመነሻ ትሁንዎት» አላቸው። አዴ ሃዋ ጊደሯን ዞረው ዞረው አዩ፤ ጥርሷን፣ ሰኮናዋን፣ ጅራቷን አዩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቆንጆ ናት። የደጋ ናት ግን፤ የኛን ሙቀት አትችልም፣ ልገድላት አልወስዳትም። አላህ ካለ በፍየል እጀምራለሁ። ፍየል ከእሾህ መሐል ተነሥታ ታድጋለች።» ሁለቱን መዳፎቻቸውን ዘርግተው መረቋቸው። «ሆራ፣ ቡላ! ተባዙ፣ ኑሩ። ማሳህም በረትህም ይባረክ። ማሳህ ከበረትህ አይጣላብህ።»

በሀሰኖ መኪና እስከ መናኸሪያ ሸኟቸው። ወርቅቱ አልቅሳ ዓይኗ አብጦ ተመለሰች።

ኅዳር ላይ ባቄላው ታጭዶ አውድማ ላይ ተከመረ። ለእርሻ የቀረው ሰንጋና ከጎረቤት የተዋሰው በሬ ተቆራኝተው አበራዩት። ሄመንም እረፍት ወስዳ መጥታ ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ደገፋ መንሹን አንሥቶ ምርቱን ወደ ላይ በተነው። ፍሬው በእግሩ ሥር ዘነበ፤ ገለባው በነፋሱ ተገፍቶ ወዲያ ራቅ ብሎ ወረደ። ደጋግሞ በተነ። በዚህ በኩል ለሰው የሚሆነው ክምር አደገ፤ በዚያ በኩል ለከብት የሚሆነው ክምር አደገ። በሬዎቹ ገና ከቀንበር ሳይፈቱ አንገታቸውን ወደ ገለባው እየዘረጉ ነበር። ማንም ከማንም አልቀማም። ከአንድ ግንድ፣ ከአንድ ሥር፣ ለሁለቱም ወጥቷል።

አባቱ በዚህ አውድማ ይህንኑ ሲያደርጉ ስንት ጊዜ አይቷል! ያኔ አልታየውም። ዛሬ ግን መንሹን መሬት ላይ ተክሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ በሁለቱ ክምሮች መሐል ቆመ። አቧራው በፀሐዩ ውስጥ ወርቅ መስሎ ይንሳፈፋል።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለች ሄመን።

ደገፋ በእጁ አንዴ ፍሬውን፣ አንዴ ገለባውን አመለከታት።

«ይሄ ሰው ቆሞ ይደነቃል እንዴ?» ብላ ጮኸች ወርቅቱ ከወንፊቷ ቀና ሳትል። «ነፋሱ ሳይቆም አንሣው እንጂ!»

ደገፋ መንሹን አነሣ።